ብሩሽና መፋቂያ የማይደርሱበት ቦታ፤ የጥርስ ክር ምርጫና አጠቃቀም

ጫግኒ፦ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በጫግኒ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የሀገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ጥርስን በመፋቂያ ማጽዳት የቆየ ልማድ ነው። ከወይራ፣ ከክትክታ ወይም ከልምጭ የተቆረጠ መፋቂያ ከአርሶ አደሩ እጅ አይጠፋም። በከተማው ደግሞ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ተለምደዋል። ሁለቱም ጥርስን ያጸዳሉ፤ ሁለቱም ግን ጥርስና ጥርስ በሚነካኩበት ጠባብ ቦታ ላይ አቅም ያጥራቸዋል። የእሸት በቆሎ ገለፈት፣ የሥጋ ጅማትና የእንጀራ ፍርፋሪ ተሰንቅሮ የሚያድረው በዚሁ ቦታ ነው።

ይህ ማለት መፋቂያ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የታተመ፣ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት በአግባቡ የተያዘ መፋቂያ ጥርስን በማጽዳት ከብሩሽ እንደማያንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 መፋቂያ በተለመደባቸው አካባቢዎች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። ይሁን እንጂ አንድ መንጋጋ ጥርስ አምስት ገጽ አለው፤ የውጭ፣ የውስጥ፣ የማኘኪያና ከጎረቤት ጥርሶች ጋር የሚገናኙ ሁለት ጎኖች። ብሩሽና መፋቂያ ሦስቱን በሚገባ ሲደርሱባቸው ሁለቱ ጎኖች ሳይጸዱ ይቀራሉ።

በጥርስ መካከል ምን ይፈጠራል?

በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በጥርስ ላይ ተጣብቀው ፕላክ የሚባል ለስላሳ ሽፋን ይሠራሉ። ከምግብ የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ስለሚለውጡ የጥርሱ ጠንካራ ክፍል ቀስ በቀስ ይበላል። ሽፋኑ ሳይነሣ ሲቆይም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ በባለሙያ መሣሪያ ካልሆነ በስተቀር አይነሣም።

ድድም አብሮ ይጎዳል። መጀመሪያ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ሕመም ስለሌለው ብዙዎች ችላ ይሉታል። እየቆየ ሲሄድ ግን ድዱ ይሸሻል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይመነምናል፤ በመጨረሻም ጤናማ የሚመስለው ጥርስ ይነቃነቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸው የዓለም ሰዎች ከ1 ቢሊዮን ይበልጣሉ።

ድድ ሲደማ ማጽዳት ይቁም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድዱ ሲደማ “ተጎዳ” ብሎ ማጽዳቱን ያቆማል። መድማቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ለመከማቸቱ ምልክት ነው። በ1965 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ድዳቸው ጤናማ የነበረ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ሲደረግ፣ በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በአንድ ሳምንት ገደማ ወደ ጤናው ተመለሰ። የጥርስ ክር መጠቀም የጀመረ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ደም ቢያይ መደንገጥ የለበትም፤ በጥንቃቄ ሲቀጥል በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቆማል።

የትኛውን ክር መምረጥ ይሻላል?

የጥርስ ክር (ፍሎስ) አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሌቪ ስፒር ፓርምሊ በ1819 ባሳተመው መጽሐፍ በጥርሶች መካከል የሐር ክር ማሳለፍን መክሮ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ክር ከናይለን ይሠራል።

ጥርሶቹ ተጣብቀው ለበቀሉበት ሰው ሰም የተቀባ ክር ያለ ችግር ይገባለታል። በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ላለው ደግሞ እንደ ጥብጣብ ሰፋ ያለው ይሻላል። ጣቶቹ እንደ ልብ ለማይታዘዙለት ሰውና ለልጆች እጀታ ያለው ክር ይመቻል። ድዱ ለሸሸና ክፍተቱ ለሰፋ ሰው ደግሞ በጥርስ መካከል የሚገቡ ትንንሽ ብሩሾች ከክር የተሻለ ሊያጸዱ ይችላሉ። ከዓይነቱ ይልቅ ወሳኙ ነገር በየቀኑና በትክክል መጠቀሙ ነው።

አጠቃቀሙ

በቀን አንድ ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመኝታ በፊት ማጽዳት በቂ ነው። እጅን ከታጠቡ በኋላ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ይቆረጣል። አብዛኛው በአንድ እጅ መካከለኛ ጣት፣ ቀሪው በሌላው እጅ ጣት ላይ ይጠመጠማል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ተወጥሮ ይያዛል።

ክሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ እየተንቀሳቀሰ ይገባል፤ በኃይል ከተገፋ ድድን ይቆርጣል። ከገባ በኋላ አንዱን ጥርስ ከጎኑ እንዲያቅፍ ታጥፎ፣ ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብዙ ጊዜ ይፈተጋል። ከዚያ የጎረቤቱ ጥርስ ጎን በተመሳሳይ መንገድ ይጸዳል። ወደ ሌላ ጥርስ ሲታለፍ ንጹሑ የክሩ ክፍል ይፈታል። የመጨረሻው መንጋጋ የኋላ ጎንም አይረሳም።

ክር ብሩሽን አይተካም። ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ይመከራል። የልጆች ጥርስ እርስ በርሱ መነካካት ሲጀምር ክሩን ወላጅ ሊያሳልፍላቸው ይገባል።

ክር በሌለበትስ?

የጥርስ ክር በሁሉም ቀበሌ ሱቅ አይገኝም። ያም ሆኖ መፋቂያውን አኝኮ ጫፉን በማለስለስና ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብሎ በመፋቅ፣ እንዲሁም ከምግብ በኋላ አፍን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ በመጉመጥመጥ ብዙ ማቃለል ይቻላል። የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት (ስቲኪኒ) የሚጠቀም ሰውም ሳይገፋ፣ በቀስታ ሊያንቀሳቅሰው ይገባል። መርፌ፣ ሽቦ፣ ቢላዋ ወይም የክብሪት እንጨት ግን ድድን ስለሚያቆስሉ መጠቀም አይገባም። የልብስ ስፌት ክርም በጥርስ መካከል ተበጥሶ ሊቀርና ድድ ሊቆርጥ ይችላል።

ወደ ባለሙያ መሄድ መቼ ነው?

በአግባቡ እየጸዳ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚደማ ድድ፣ መግል፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም የማይለቅ የአፍ ጠረን ካለ ምርመራ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡር እናቶች ለድድ መቆጣት ይበልጥ ስለሚጋለጡ ሊጠነቀቁ ይገባል። ከጥርስ ሕመም ጋር ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

ብዙ ሰው ወደ ጤና ተቋም የሚሄደው ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣው ነው፤ ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ምርጫ መንቀል ነው። በጊዜ የታየ ጥርስ ግን ይሞላል፤ የተጠራቀመው ቆሻሻም ይጠረጋል። የአዋቂ ሰው ጥርስ አንዴ ከተነቀለ ተመልሶ አይበቅልም። በየማታው ለጥርስ መካከል የሚሰጡ ጥቂት ደቂቃዎች እስከ እርጅና ቆሎ ቆርጥሞ የመብላትን አቅም ለማቆየት ይረዳሉ።