ጀሪካኑ የላምባ ሽታ ለምን አይለቅም?

ላምባ የተያዘበት ጀሪካን በሳሙና ደጋግሞ ቢታጠብም ሽታው በቀላሉ አይለቅም። ምክንያቱን ለመረዳት ጀሪካኑ የተሠራበትን ውህድ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ ቤቶች እንስራን የተካው ይህ ዕቃ፣ ከገበያ የምናንጠለጥለው ፌስታልና የአበባ እርሻዎች የሚሸፈኑበት ላስቲክ በመልክ ባይመሳሰሉም፣ በአብዛኛው የሚሠሩት ፖሊኢቲሊን ከተባለው ፕላስቲክ ነው።

አፈጣጠሩ

ፖሊኢቲሊን የሚገኘው ኢቲሊን የተባለው ጋዝ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሲፈጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን የተባሉ ኬሚስቶች እንግሊዝ አገር ውስጥ ኢቲሊንን ከቤንዛልዲሃይድ ጋር በከፍተኛ ግፊት ለማዋሃድ ሲሞክሩ፣ ያልጠበቁትን ነጭ ሰም መሰል ነገር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ዚግለር በካታሊስት አማካይነት በዝቅተኛ ግፊት የሚመረትበትን ዘዴ አገኘ። ለዚህ ዘርፍ ላበረከተው ሥራም እ.ኤ.አ. በ1963 ከጣሊያናዊው ጁልዮ ናታ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ሁለት ወንድማማቾች

ያልተመለመለ ጭራሮ ሲታሰር በመካከሉ ክፍተት ይበዛል፤ ቀጥ ያለ ሸንበቆ ግን ተጠጋግቶ ይታሰራል። የፖሊኢቲሊን ሰንሰለቶችም እንዲሁ ናቸው። ቅርንጫፍ የበዛባቸው ሰንሰለቶች ስለማይጠጋጉ ለስላሳና ተጣጣፊ የሆነውን ዝቅተኛ እፍጋት ያለውን ዓይነት ይሰጣሉ፤ እፍጋቱ በኩብ ሴንቲሜትር 0.92 ግራም፣ የመቅለጫው መጠነ ሙቀትም 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ደግሞ ጀሪካን የሚሠራበትን ጠንካራውን ዓይነት ይሰጣሉ፤ እፍጋቱ 0.95 ግራም፣ መቅለጫውም 130 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ሁለቱም ከውኃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ። አንባቢ ይህን በራሱ መፈተን ይችላል፦ ከአሮጌ ጀሪካንና ከታሸገ ውኃ ጠርሙስ ትንንሽ ቁራጮችን ቆርጦ ውኃ ውስጥ ቢከት፣ የጀሪካኑ ቁራጭ ይንሳፈፋል፤ ፔት ከተባለ ሌላ ፕላስቲክ የተሠራው የጠርሙሱ ቁራጭ ግን እፍጋቱ 1.38 ያህል በመሆኑ ይሰጥማል።

የሽታው ምሥጢር

ፖሊኢቲሊን የካርቦንና የሃይድሮጅን ውህድ ሲሆን ዋልታ አልባ ነው። ውኃ ዋልታዊ ስለሆነ ወደ ውስጡ አይዘልቅም። ላምባ ግን እንደ ፖሊኢቲሊኑ ዋልታ አልባ ሃይድሮካርቦን ነው፤ በመሆኑም በሰንሰለቶቹ መካከል ሰርጎ ይገባል። ሳሙና የሚያጥበው ገጹን ብቻ ነው። ግድግዳው ውስጥ የቀረው ላምባ ጥቂት በጥቂት ይወጣል።

ነገሩ ከሽታ ያለፈ አደጋም አለው። ብዙ የፀረ ተባይ መድኃኒቶች በዘይት መሰል ፈሳሾች ስለሚበጠበጡ በዚሁ መንገድ ግድግዳው ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ መርዝ የተያዘበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውኃ፣ ለጠላም ሆነ ለዘይት ፈጽሞ መዋል የለበትም። ሽታ አለመኖሩም ዋስትና አይሆንም።

ጥንካሬውና ጣጣው

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሰንሰለቶቹን ስለሚበጣጥስ ደጅ የዋለ ጀሪካን ይሰነጠቃል። ብዙ የውኃ ቧንቧዎች ጥቁር የሆኑትም ጨረሩን የሚውጥ የካርቦን ጥላሸት ስለሚጨመርባቸው ነው። ሆኖም የተሰባበረው ፕላስቲክ ይደቅቃል እንጂ ቶሎ አይበሰብስም። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታሎችን መገደቡ፣ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅም የፕላስቲክ ከረጢትን መከልከሉ ከዚሁ የተነሣ ነው። ውኃ የማያሳልፈውና የማይበሰብሰው ጠባይ ለጀሪካን በረከት ሲሆን፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ ለሚጣል ፌስታል ግን ዕዳ ነው።