ከእሳት ፖሊሲ ጀርባ፦ ባንክ የሚጠይቀው የጎርፍ መድን

በሐይቅ ወይም በውጫሌ ሆቴል፣ መጋዘን ወይም የንግድ ቤት አስይዞ የሚበደር ነጋዴ ከሚያቀርባቸው ወረቀቶች አንዱ የመድን ፖሊሲ ነው። ነጋዴው አረቦኑን ከፍሎ ወረቀቱን ለብድር ክፍሉ ካስረከበ በኋላ መልሶ የሚያነበው እምብዛም ነው። ተዳፋት ሥር ለተሠራ ቤት ግን ዋናው ጥያቄ ያለው እዚያው ወረቀት ውስጥ ነው፤ ጎርፍ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም?

የሕንፃ መድን መሠረቱ እሳትና መብረቅ ነው። ጎርፍ፣ ዐውሎ ነፋስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ሁከት ተጨማሪ አረቦን እየተከፈለባቸው በላዩ የሚታከሉ ናቸው። ስለዚህ ባንኩ «ኢንሹራንስ ያምጡ» ሲል ጎርፍን ጨምሮ ማለቱ ላይሆን ይችላል። በእኛ አገር ግዴታው የሚመነጨው ከብድር ውሉ በመሆኑ፣ ውሉ የጠየቀውን ብቻ አሟልቶ የወጣ ተበዳሪ በሰላም ይወጣል፤ ክረምት እስኪገባ ድረስ። አንድ አንቀጽ፣ የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ ጦርነት ያስነሳበት አገር ሰው አንቀጽ ሳያነብ ሊፈርም አይገባውም ነበር።

ሐይቅ ከተማ ላይ ሰው ጎርፍ ሲባል ዓይኑ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ሐይቁ ግን በዘመናት ውስጥ ሲሸሽ የኖረ ውሃ ነው፤ ጥንት ደሴት የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በእግር የሚደረስበት ለዚህ ነው። ይልቅ የሚያሰጋው ከጀርባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከአምባሰል ተራሮችና ከተሁለደሬ ኮረብቶች የሚወርደው ውሃ አፈሩንና ድንጋዩን ይዞ በቦዩ ይመጣል፤ ቦዩ ከተደፈነ ደግሞ በሱቁ በር ይገባል። በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ የሚያደርሰውን ድሬዳዋ በ1998 ክረምት አይታዋለች፤ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል።

ውሃው የመጣበት መንገድ ለመድን ሰጪው ትልቅ ልዩነት አለው። ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ሞልቶ የፈሰሰ ውሃ ጎርፍ ነው፤ በቆርቆሮ ቀዳዳ የገባ ዝናብ አይደለም። የመሬት መንሸራተትማ ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚጠየቅ ነገር ነው። ጭቃና ውሃ ተደባልቀው በሚወርዱበት አገር ይህ ለክርክር የተመቸ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ጎርፍም የመሬት መንሸራተትም በስማቸው ተጽፈው ቢገኙ እመርጣለሁ።

የባንክ ብድርንና የጎርፍ መድንን በሕግ ያሰረችው አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1968 መንግሥት የጎርፍ መድን አቋቋመ፤ በፈቃዱ የገዛው ሰው ግን ጥቂት ነበር። በ1972 አግነስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ብዙ ከተሞችን ሲያጥለቀልቅ አብዛኛው ተጎጂ መድን አልነበረውም። በዓመቱ የወጣው ሕግ ሸክሙን ወደ አበዳሪው አዞረው፤ በጎርፍ ካርታ ላይ በዓመት ቢያንስ አንድ በመቶ የመጥለቅለቅ ዕድል አለው በተባለ ቦታ ያለን ሕንፃ ይዞ የሚያበድር ባንክ የጎርፍ መድን መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። የመድኑ መጠን ከሦስት ነገሮች ትንሹን ያህል መሆን አለበት፤ የብድሩን ቀሪ፣ የሕንፃውን መድን የሚገባለት ዋጋ፣ ወይም ፕሮግራሙ የሚሰጠውን ጣሪያ። ለንግድ ሕንፃ ጣሪያው 500,000 ዶላር ነው። መሬቱ አይቆጠርም። ተበዳሪው ማሳሰቢያ ደርሶት በ45 ቀን ውስጥ ካልገዛ ባንኩ ራሱ ገዝቶ ሒሳቡን ያስከፍለዋል። እኔን የሚያስቀናኝ ቅጣቱ ሳይሆን ካርታው ነው፤ አበዳሪውም ተበዳሪውም ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት አንድ ሥዕል ላይ ቆመው ይነጋገራሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አሥር ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሕንፃ ያለው ሰው አምስት ሚሊዮን ተበድሮ፣ አረቦን ለመቆጠብ ሲል መድኑንም በአምስት ሚሊዮን ብቻ ይገባል እንበል። ጎርፍ የሁለት ሚሊዮን ጉዳት ቢያደርስ የሚከፈለው ሁለት ሚሊዮን አይደለም። ሕንፃው የተገባለት በግማሽ ዋጋው ስለሆነ ካሳውም ግማሽ፣ አንድ ሚሊዮን ይሆናል፤ ከእሱም ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ አለ። ገንዘቡን በቅድሚያ የሚቀበለው ደግሞ በፖሊሲው ላይ ተጠቃሚ ሆኖ የተመዘገበው ባንክ ነው። ባለቤቱ ዕዳው ትንሽ ቀንሶለት፣ ግድግዳው ግን እንደፈረሰ ይቀራል። የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 በፊት የተገመተ ሕንፃማ፣ ከውጭ የሚገባው ብረት ከተወደደ ወዲህ እንደገና ካልተገመተ ሙሉ መድን አለው ብሎ መተማመን ይከብዳል።

መጋዘን ውስጥ ያለው እህልና ስኳር በሕንፃው ፖሊሲ አይሸፈንም፤ ለብቻው ይመዘገባል። ሥራው ቆሞ በሚቆይበት ወራት የሚታጣው ገቢም እንዲሁ፤ የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን አይቆምም። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚጠቀም ነጋዴ በታካፉል፣ ማለትም በሸሪዓ መርህ በሚሠራ የመድን ሥርዓት፣ የተዘጋጀ ሽፋን መጠየቅ ይችላል። የሽፋኑ ዓይነት ሲለወጥ ጥያቄው አይለወጥም፤ ጎርፍ፣ ንብረት፣ ሙሉ ዋጋ።

ብድሩ የዓመታት ነው፤ ፖሊሲው በየዓመቱ የሚታደስ። እድሳቱ ሰኔ ላይ ከወደቀ ቀኑን ማሳለፍ ክረምቱን ያለ ሽፋን መግባት ነው። ውሃው ከገባ ደግሞ ጭቃውን ከመጥረግ በፊት ግድግዳው ላይ የቀረውን የውሃ ልክ ፎቶ ማንሳት፣ የረጠበውን ዕቃ ሳይጥሉ መቁጠር፣ ለመድን ሰጪውና ለባንኩ በዚያው ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ገማቹ ደርሶ ጉዳቱን ካሰላ በኋላ ካሳው ለዕዳው ይቆረጥ ወይስ ለጥገና ይለቀቅ የሚለው ባንኩን ማነጋገር ይጠይቃል፤ ይህን ብድሩ ሲፈረም በውሉ ላይ ያስጻፈ ተበዳሪ በዚያን ጊዜ ለመለመን አይገደድም።