ብሩን በወሩ አባዙት

የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ነኝ። 20 አባላት አሉን፤ እያንዳንዱ በወር 5 ሺህ ብር ይጥላል፤ ተራው የደረሰ 100 ሺህ ይዞ ይሄዳል። ዳኛ አለን፣ ገንዘብ ያዥ አለን፤ ዋስ ያልጠራ ሰው ብሩን አይነካም። ከውጭ ለሚያየው ሁሉም እኩል ነው፤ 100 ሺህ ጥሎ 100 ሺህ የወሰደ ሰው ምን ቀረበት? ደብተሩን የያዘ ሰው ግን እኩል እንዳልሆነ ያውቃል። ይህንን ለማየት ከመደመርና ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የወሰደውን እንይ። 5 ሺህ ጥሎ 100 ሺህ ተቀበለ፤ 95 ሺህው የሰው ገንዘብ ነው። በሚቀጥለው ወር ዕዳው 90 ሺህ ይሆናል፣ ከዚያ 85፣ እንዲህ እያለ 19 ወር ሙሉ እስከ 5 ሺህ ይወርዳል። ሁሉንም መደመር አሰልቺ ይመስላል። 95ን ከ5 ጋር፣ 90ን ከ10 ጋር፣ 85ን ከ15 ጋር ብታጣምሩት ግን እያንዳንዱ ጥንድ 100 ይሞላል፤ ዘጠኝ ጥንድ ይወጣና መሃል ላይ 50 ብቻዋን ትቀራለች። ድምሩ 950 ሺህ። ሰውየው 950 ሺህ ብር ለአንድ ወር ያለ ወለድ የተበደረ ያህል ነው። ባንክ በዓመት 18 በመቶ፣ ማለትም በወር አንድ ተኩል በመቶ ቢያበድረው ኖሮ 14,250 ብር ወለድ ይከፍል ነበር።

መጨረሻ የሚወስደው ሰው ደግሞ ያንኑ 950 ሺህ አበዳሪ ሆኗል ማለት ነው። በየወሩ የጣለውን ባንክ ቢያስቀምጠው፣ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ባደረገው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ እንኳ፣ 5,500 ብር ገደማ ያገኝ ነበር።

ታዲያ መጨረሻ የሚወስድ ሰው ሞኝ ነው? እኔ አይመስለኝም። ባንክ ያለ ብር በአንድ የኤቲኤም ካርድ ይወጣል፤ የእቁብ ብር አይወጣም። ዳኛው በር ድረስ መጥቶ ካላንኳኳ በቀር መቆጠብ የማይሆንለት ሰው ሞልቷል፤ ለእሱ 5,500 ብር የጥበቃ ዋጋ ነው። ውድ ነው ካለ ይተወው፤ ዋጋውን ግን ይወቀው።

ይህ ሒሳብ ይበልጥ የሚጠቅመው ተራ ሲሸጥ ነው። እኛ ዕጣ የምናወጣው መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ሁሉም ተራውን ያውቃል። ባለፈው ዙር አንዲት ልብስ ሰፊ ስድስተኛ ደረሳት፤ ሁለተኛው የታክሲ ሾፌር ነበር። እሷ ኦቨርሎክና ሌላ ተጨማሪ ማሽን ልትገዛ ቸኩላለች፤ እሱ ብሩን ምን እንደሚያደርግበት ገና አልወሰነም። «እትዬ፣ ስንት ያስባሉ ታዲያ?» አላት። «አራት ሺህ ልስጥህና ቀይረኝ» አለችው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

የደብተሩ ጀርባ ላይ ሠራሁላቸው። የሚቀያየሩት 100 ሺህ ብርን ለአራት ወር ነው። እሱ ባንክ ቢያስቀምጠው በ7 በመቶ የሚያገኘው 2,333 ብር ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በላይ ካገኘ አይጎዳም። እሷ ደግሞ ያንን ገንዘብ ለአራት ወር በ18 በመቶ ብትበደር 6 ሺህ ትከፍላለች፤ ስለዚህ ከዚያ በታች ከከፈለች አትጎዳም። አራት ሺህ መሃል ላይ ናት፤ ሁለቱም ያተርፋሉ። አራጣ አበዳሪ ጋ ሄዳ ቢሆን፣ በወር 10 በመቶ ሒሳብ አራት ወሩ 40 ሺህ ያስከፍላት ነበር፤ አራጣ በወንጀል ሕጋችን የተከለከለ መሆኑ ሳይረሳ። ቀጥዬ እሷን «ማሽኖቹ በወር ስንት ያስገቡልሻል?» አልኳት። ክርና ሠራተኛ ተቀንሶ 3,500 ብር ገመተች። በአራት ወር 14 ሺህ ነው። እዚያው ስማቸውን አቀያየርኩ።

መዘግየት በራሱ የሚያስከፍልበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ ዋጋ ቆሞ አይጠብቅም። ለዚህ የምወዳት አቋራጭ 72ን በዓመታዊው መቶኛ ማካፈል ናት፤ አንድ ነገር በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ትነግራለች። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ጣሊያናዊ መነኩሴ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ጠቅሷታል። በ7 በመቶ የተቀመጠ ብር እጥፍ ለመሆን አሥር ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ከጨመረ ግን የማሽኑ ዋጋ አራት ዓመት ሳይሞላው እጥፍ ይሆናል። ዕቃ ለመግዛት እቁብ የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ተራዎች ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ብድር ላይ ይኸው ሒሳብ ፊቱን ያዞራል። አንድ ጎረቤቴ 60 ሺህ ብር ለአንድ ዓመት «በ12 በመቶ» ሊበደር ውሉን ይዞልኝ መጣ። ወለዱ 7,200 ብር ነው፤ ከዋናው ጋር በወር 5,600 ይከፍላል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን 60 ሺህው እጁ ላይ የሚቆየው የመጀመሪያውን ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ 55፣ 50፣ መጨረሻ ላይ 5 ሺህ። አሁንም እናጣምር፤ 60ና 5፣ 55ና 10። ስድስት ጥንድ፣ እያንዳንዱ 65 ሺህ፣ ድምሩ 390 ሺህ። ለ12 ወር ስናካፍለው በአማካይ እጁ ላይ የነበረው 32,500 ብር ብቻ ሆኖ ይገኛል። ለ32,500 ብር 7,200 መክፈል ደግሞ 12 በመቶ ሳይሆን 22 በመቶ ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ወለድ የሚያሰላ ሌላ አበዳሪ 18 በመቶ ቢለው፣ ቁጥሩ ቢያስደነግጥም የሚረክሰው እሱ ነው።

ስለዚህ የብድር ውል ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ወለዱ የሚታሰበው መጀመሪያ በተሰጠው ገንዘብ ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።