ገበሬውና የምክር ቤት ወንበር

በለቡ ዛሬ የምድር ባቡር ጣቢያና የመኖሪያ ሕንፃዎች በቆሙበት ምድር ላይ ቀድሞ እርሻ ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው እንዲህ ባለው ስፍራ ያርስ የነበረ ሰው ሕግ አውጪ ለመሆን ምን መንገድ እንደነበረው ነው።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ አዘዘ። ስለዚህ ገበሬው መራጭም ተመራጭም አልነበረም። የጣልያን ወረራ ይህንኑም አቋረጠው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ለሴቱም ለወንዱም፣ ድምፅ ሰጠ። የመጀመሪያውም ምርጫ ከዚህ በኋላ ተደረገ። ይሁን እንጂ ለመመረጥ 25 ዓመት መሙላትና በምርጫው ወረዳ መኖር ብቻ አይበቃም ነበር፤ በዚያው ወረዳ 1000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ርስት ያለው ገበሬ ይህን ሊያሟላ ይችላል። የሲሶ ወይም የእኩል አራሹ ግን መሬቱ የሌላ ሰው ስለሆነ፣ በሬውና እህሉ 2000 ብር ካልሞሉለት በቀር መምረጥ እንጂ መመረጥ አይችልም።

በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በነበረችው ኤርትራም በ1944 ዓ.ም. 68 አባሎች ላሉት ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ፣ ከአሥመራና ከምጽዋ በቀር ሕዝቡ የመረጠው ወኪሎችን ነበር፤ የምክር ቤቱን አባሎች የመረጡት እነዚያ ወኪሎች ናቸው። በዚያም የባላገሩ ድምፅ በሌላ ሰው እጅ ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ከንቱ የክብር ጉዳይ አይደለም። የባለርስትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለመወሰን የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ ባለንብረቶች በተቀመጡበት ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀርቷል።

በመስከረም 1967 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተዘጋ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በየካቲት፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነና ለአንድ ቤተ ሰብ እስከ 10 ሄክታር በይዞታ እንዲሰጥ ታወጀ። እንግዲህ ጭሰኛው ወንበር ሳለ መሬት አልነበረውም፤ መሬት ሲያገኝ ደግሞ ወንበሩ ተነሥቶ ነበር። የገበሬውን የፖለቲካ ታሪክ የሚመረምር ተማሪ እነዚህን ሁለት ነገሮች ነጣጥሎ ሊያያቸው እንደማይገባ እናምናለን።