«ሲስተም የለም» ሲባል

ባንክ ቤት፣ ቀበሌ ወይም ጤና ጣቢያ ደጃፍ ተሰልፎ «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መልሱ አጭር ነው፤ ከጀርባው ግን አንዱ ከሌላው የማይገናኝ ብዙ ዓይነት ብልሽት ሊኖር ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ባለሙያዎቹ «ዲበግ ማድረግ» ይሉታል። መረጃው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ሩቅ ሲሆን ደግሞ ሥራው ይከብዳል።

አሶሳን እንውሰድ። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ተቋማትን ወርኃዊ ሪፖርት የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ሶፍትዌር ነው። መሠረቱ ደቡብ አፍሪካ የተጣለው ይህ ሶፍትዌር ዛሬ የሚመራው በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። አሶሳ ወይም ካማሺ ያለች የመረጃ ባለሙያ ብሮውዘር ከፍታ የክትባቱን፣ የወሊዱንና የወባውን ቁጥር ታስገባለች። ቁጥሩ የሚቀመጠው ግን ከአሶሳ በመኪና መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። የሪፖርት ወሩ በ21 ተጀምሮ በሚቀጥለው ወር 20 ስለሚዘጋ፣ ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት የመላ አገሪቱ ተቋማት አንድ ላይ ይገባሉ። ሲስተሙ የሚፈተነው ያኔ ነው።

ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ሲደወል የመጀመሪያው ጥያቄ «ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?» የሚል ነው። ገጹ ምንም የስህተት ቁጥር ሳያሳይ ከቆመ ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ አልደረሰ ይሆናል፤ ኔትወርኩ ይታያል። 404 ካለ የተፈለገው ገጽ በዚያ አድራሻ የለም። 500 ካለ ሰርቨሩ ጥያቄውን ተቀብሎ እዚያው ውስጡ ተሰናክሏል። 502 ወይም 504 ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት የሚቀበለው ሰርቨር ከኋላው ካለው ፕሮግራም ትክክለኛ ወይም በጊዜው የደረሰ መልስ አላገኘም። ሦስት አሃዝ የግማሽ ቀን ድካም ታስቀራለች።

አንዳንዴ ጥፋቱ ከነጭራሹ ሰርቨሩ ዘንድ አይደለም። መብራት በሚመላለስበት ቢሮ ያለ የቆየ ዴስክቶፕ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ብሮውዘሩ የድረ ገጹን የደህንነት ሰርተፍኬት ሲያይ መጀመሪያ ቀኑ ገና ያልደረሰ ይመስለዋልና «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ አላስገባም ይላል። አዲስ አበባ ያለው ሰው ሰርቨሩን ቀኑን ሙሉ ቢመረምር ምንም አያገኝም። መፍትሔው ቀኑን ማስተካከልና ባትሪዋን መቀየር ነው።

ጥፋቱ ሰርቨሩ ላይ ከሆነ ባለሙያው ከሩቅ ሆኖ ኤስኤስኤች በተባለ መንገድ ይገባል። ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1995 የፈጠረው ፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎነን ነው። እሱ በነበረበት ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል ጠላፊ ገብቶ ስለነበር የሚላከውን ሁሉ የሚመሰጥር መስመር ሠራ። የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ በመሆኑ ደካማ ኢንተርኔትም ይበቃዋል። ስለዚህ ፈቃድ የተሰጠው ሰው አሶሳ ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለውን ሰርቨር ሊጠግን ይችላል። መስመሩ ቢቋረጥም የተጀመረው ሥራ እንዳይቆም ቲመክስ የተባለ ፕሮግራም አስቀድሞ ይከፈታል።

ከዚያ ሎጉ ይነበባል። ሰርቨሩ ያጋጠመውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግበው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። የአሶሳዋ ባለሙያ «መስከረም 21 ቀን 2018 ጠዋት 3 ሰዓት ከ12 ላይ ተቋረጠብኝ» ብትል፣ ሎጉ ውስጥ የሚፈለገው ኦክቶበር 1 ቀን 2025፣ 06:12 ነው። የእኛ 3 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሰርቨሮች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ይህን ያላሰበ ሰው 03:12 ላይ ፈልጎ፣ ንጹሕ መስመር አይቶ፣ «እኛ ጋ ችግር የለም» ብሎ ስልኩን ይዘጋል።

ትክክለኛዋ ደቂቃ ከተገኘች ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ዲስኩ ሞልቶ ዳታቤዙ መጻፍ አቅቶታል፤ ወይም የዳታቤዙ መስመሮች ሁሉ ተይዘው አዲስ ገቢ ወረፋ ላይ ቀርቷል። እዚህ ላይ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት ያጓጓል። ሲስተሙ ይነሳል፤ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ይቀርና በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል። ጥሩ ባለሙያ የሎጉን ቅጂ ሳያስቀምጥ ሰርቨሩን አያጠፋም፤ ለውጡንም መጀመሪያ የሚሞክረው በሙከራ ሰርቨር ላይ ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየረ።

እርስዎም በእንዲህ ያለ ሲስተም የሚሠሩ ከሆነ፣ ሲቋረጥ ከመደወልዎ በፊት ስክሪኑን ከነአድራሻውና ከነቁጥሩ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሰዓቱን ይጻፉ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንም ይናገሩ። ጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ይሠራ እንደሆነ ይሞክሩ። ዲኤችአይኤስ 2 ኢንተርኔት ሲጠፋ ያስገቡትን ቁጥር ብሮውዘሩ ውስጥ ያቆይልዎታልና፣ ወደ ሰርቨሩ መሄዱን ሳያረጋግጡ ብሮውዘሩ ያከማቸውን ዳታ አያጽዱ።