የሶሌታ ጣሪያ ጤዛና የዕቃ ቤቱ ጥበቃ

በከተማ አጥቢያዎች የሚሠሩ አዳራሾችና ሁለገብ ሕንፃዎች ብዙውን ጊዜ የሚከደኑት በጠፍጣፋ ሶሌታ ነው። ንዋያተ ቅድሳቱና የብራና መጻሕፍቱ በላይኛው ፎቅ ከተቀመጡ፣ ከእርጥበት የሚለያቸው ይኸው ሶሌታ ብቻ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ማለዳ ከጣሪያው ውኃ ሲንጠባጠብ ያየ ኮሚቴ ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ እንደገና ሬንጅ ያስቀባል። ገንዘቡ ይወጣል፤ ውኃው ግን ተመልሶ ይመጣል።

ውኃው የመጣው ከክፍሉ አየር ነውና። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ እንፋሎት ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን የሚይዘው 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። በደጋ፣ ደመና በሌለበት ሌሊት፣ ሶሌታው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ እጅግ ይቀዘቅዛል። የክፍሉ አየር ይህን ቀዝቃዛ ገጽ ሲነካ ትርፉ እንፋሎት ጤዛ ይሆናል። አንድ ሰው ዐርፎ ተቀምጦ እንኳ በሰዓት 40 ግራም ያህል ውኃ በትንፋሹና በላቡ ይለቃል፤ ሦስት መቶ ሰው ባደረበት አዳራሽ ይህ በየሰዓቱ 12 ሊትር ነው። ሻማም ሲነድ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ እንፋሎት ያወጣል። የቀድሞው የሣር ክዳን በዚህ ረገድ የተሻለ ነበር፤ ውፍረቱ ራሱ ብርድን ይከላከላልና።

ጤዛውን ከማፍሰስ ለመለየት የሶሌታውን የታችኛው ገጽ አድርቆ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ አጥብቆ በማጣበቅ ሁለት ሌሊት መጠበቅ ነው። ውኃው በክፍሉ በኩል ከታየ ጤዛ ነው፤ በላስቲኩና በሶሌታው መካከል ከተገኘ ግን ከላይ ወይም ከራሱ ከኮንክሪቱ የመጣ ነው። አዲስ ሶሌታ ለወራት እርጥበት ስለሚያወጣ በእርሱ ላይ ፈተናው ሊያሳስት ይችላል።

መፍትሔው ሶሌታውን ከላይ ማልበስ ነው። ፖሊስትሪን ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከኮንክሪት 40 እጥፍ ያህል ባነሰ መጠን ነው። ቅደም ተከተሉም በሶሌታው ላይ እንፋሎት የማያሳልፍ ሽፋን፣ በላዩ ጠንካራ ፖሊስትሪን፣ ከዚያም የዝናብ መከላከያው ነው፤ ውኃ እንዳይቋጥር ወደ አሸንዳው ተዳፋት ሊኖረው ይገባል። ይህ ዝርዝር በሥራ ውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ፤ «ጣሪያ ማደስ» የሚለው ቃል ብቻውን ተቋራጩን ለምንም አያስገድደውም።

ርካሽ ነው ተብሎ ፎሙን ከውስጥ መለጠፍ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ይሰውረዋል እንጂ አያስቀረውም። ሶሌታው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በመገጣጠሚያው ሾልኮ የወጣው እንፋሎት ከፎሙ በስተ ኋላ ጤዛ ሆኖ፣ ማንም ሳያየው ሻጋታ ያበቅላል። ፖሊስትሪን በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑም ጧፍና ሻማ በሚበራበት ክፍል ተጋልጦ ሊቀመጥ አይገባውም።

የጣሪያው ሥራ እስኪደርስ ድረስ ቁም ሣጥኖቹን ከውጭው ግድግዳ አንድ ስንዝር ማራቅ፣ በበጋ እኩለ ቀን መስኮት መክፈት ይጠቅማል። የአየሩ እርጥበት ለብዙ ቀናት ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ብራናው ለሻጋታ ይጋለጣል። ከአገልግሎት በኋላ ላብ የነካው ልብሰ ተክህኖም ተሰጥቶ ሳይደርቅ ወደ ሣጥን አይመለስ።