ተጨማሪ መረጃ፦ የቆየ የጭቃ ቤት ሙቀቱን የሚያጣው በየት ነው?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ቀን ፀሐዩ ቢበረታም ሌሊቱ ይበርዳል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ይህን ልዩነት ያለዝባል፤ ቀን ቀስ ብሎ ሙቀት ይስባል፣ ማታ ቀስ ብሎ ይለቃል። ችግሩ ያለው ከላይ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ነው። ቆርቆሮ ስስ ብረት ስለሆነ ቀን ወዲያው ይግላል፤ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን በጨረራ ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር በታች እንኳ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ዝናብ ሳይዘንብ ንጋት ላይ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰቡ ትንፋሽ ብረቱ ላይ ቀዝቅዞ ነው።

ስለዚህ ለእድሳት ገንዘብ ከተገኘ ቅድሚያ የሚገባው ለኮርኒስ ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚታገደው አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። የተሰነጠቀ ግድግዳ ጭድ ገብቶበት በደንብ በቦካ ጭቃ ይመረግ። የሲሚንቶ ልስን ጠንካራ ቢመስልም ከጭቃው ጋር እኩል ስለማይለጠጥና ስለማይኮማተር ይላቀቃል፤ ከኋላው የገባው እርጥበትም መውጫ አጥቶ ማገሩን ያበሰብሳል።

ክፍተቱ ሁሉ ሲደፈን ግን ከሰል የሚያነድ ቤት ይበልጥ አደገኛ ይሆናል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አለ። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ።